ጎረሱ ብትል ኖሮ

አፀደ የውጅግራውን መቀርቀሪያ ጭኗ ላይ በዘረጋችው ከረጢት ላይ አስቀምጣ፣ ላምባ በነከረ ቁራጭ ጨርቅ ታሸው ነበር። ጨርቁ ሲጠቁር ትገለብጠዋለች፤ ሁለቱም ፊት ሲቆሽሽ ጥላው ሌላ ታነሳለች። ጨርቅ አይቸግራትም። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ስለሆነች ከካኪው የሚተርፈው ቅዳጅ ሁሉ የብረቶቿ ነው። ጨርቁ የማይደርስበትን ጥግ በተጠረበ የቀርከሃ ስንጥር ትከተለዋለች፤ በመጨረሻ ከስፌት መኪናዋ ዘይት አንዲት ጠብታ ታደርግና በአውራ ጣቷ ታዳርሰዋለች። ብርጭቆ ወረቀት አታስነካውም። ብርጭቆ ወረቀት ከዝገቱ ጋር የፋብሪካውን ማህተም ጠርጎ ይወስዳል፤ ማህተሙ የጠፋ ጠመንጃ ደግሞ ለእሷ ቧንቧ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ወንድይራድ ሳለ። ሊናገር ሲል ቀድሞ ይስላል።

«ዛሬም ባልሽን እያጠብሽ ነው?»

«አዎ» አለች ቀና ሳትል። «ያንተዋ ሚስት ግን ማጠቡን ከተወችው የቆየች ይመስለኛል፤ ሽታህ እዚህ ድረስ ይመጣል።»

«ቀልጂ፣ ቀልጂ። ጊዜው የማን እንደሆነ ታያለሽ።»

«እንግዲያ ታጥበህ ጠብቀው።»

ቤቷ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሰው ግቢ ጋር በሚደባለቅበት ዳገት ላይ ነው። አባቷ አቶ ጎበና በዚያ አካባቢ የታወቁ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። ልጅ ሳለች ፋኖስ የምትይዝላቸው እሷ ነበረች፤ ፋኖሱን እንደያዘች የየብረቱን ስም ለመደች። አባትየው አርጅተው ደንበኛም ሲጠፋ ሥራውን ተዉት፤ ልጅቱ ግን አልተወችውም። እንጀራ ብላ አይደለም። ሌላው ሰው ወርቅና ሐር እንደሚያምረው እሷን የሚያምራት የጥንት የጦር መሣሪያ ነበር፤ ዝጎ፣ ተሰብሮ፣ ሰደፉ ተገንጥሎ የመጣ ብረት እጇ ላይ መልኩን ሲያገኝ ማየት። ከሾላ ገበያ፣ ከቁራሌው ጆንያ፣ የአያታቸውን ጎራዴ የዶሮ ቤት መቀርቀሪያ ካደረጉ ሰዎች ለቃቀመች። ቀሚስ ሰፍታ በለውጡ ሰናድር የሚሉትን የድሮ ጠመንጃ የወሰደችበት ጊዜ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለች ያንን ሰናድር፣ ጎራዴዎችን ከነሰገባቸው፣ የጣሊያን ሳንጃ፣ ቆዳው የተጨማደደ ጋሻና ይህን ውጅግራ ሰበሰበች።

አግብታም ነበር። ኢታና የሚባለው ባሏ ሾፌር ነው። አልጋው ሥር ሳንጃ ሲያገኝ ሳቀ። ጎራዴዎቹን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ሰናድሩ ጓዳ ሲገባ፣ «እኔ ወይስ ብረቱ?» አላት። አፀደ የስፌት መኪናዋን በኩሊ አሸክማ፣ ብረቶቿን በጋቢ ጠቅልላ፣ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ «ጠመንጃ ያገባችው» ይላት ጀመር። ስሙን ያወጣላት ወንድይራድ ነው።

ወንድይራድ የጣውላ መጋዘን ዘበኛ ነበር። ጥላቻው የጀመረው በልጁ ሠርግ ነው። ሙሽሪት ስትመጣ ትከሻው ላይ አንግቶ ለመፎከር፣ ውጅግራውን አውሺኝ ብሎ መጣ። አፀደም፣ «ሽማግሌው ከግድግዳ አይወርድም» አለችው። ጠመንጃውን ሽማግሌው ያሉት አባቷ ናቸው፤ «እኔና እሱ እኩያ ነን» እያሉ። ወንድይራድ በዱላ ፎከረ። እንግዶቹ ሳቁበት። ያ ሳቅ ከጆሮው ሳይወጣ አብዮቱ መጣና የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሆነ፤ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። መጀመሪያ የሠራው ሥራ አጥሩን ወደ አፀደ ግቢ መግፋት ነበር። ጎመኗ ከነሥሩ እሱ ግቢ ቀረ፤ እያየችውም ቀንጥሶ በላው።

ያን ቀን ከወንድይራድ ጋር ስትመላለስ ታሸው በነበረው መቀርቀሪያ ውስጥ መርፌው አልነበረበትም። መርፌ የሚሉት የጥይቱን ቂጥ የሚመታውን ቀጭን ብረት ነው፤ ያለሱ ጠመንጃ አይተኩስም። ጫፉ ተሸርፎ ስለነበር አምሳያውን እንዲሠራላት ካራ ላለው አንጥረኛ ለጉደታ ሰጥታዋለች። መተኮስ አስባ አይደለም፤ ጥይት ቤቷ ገብቶ አያውቅም። ጎዶሎ ነገር አትወድም፣ ያ ብቻ ነው። አዝራር የጎደለው ሸሚዝም እንዲሁ እንቅልፍ ይነሳታል።

ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር። በጋው ሊወጣ ሲል ቀበሌው መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ፣ ቤት ለቤትም አሰሳ እንደሚደረግ በድምፅ ማጉያ አስነገረ። አፀደ ሰናድሩን፣ ጎራዴዎቹንና ሳንጃውን ተሸክማ ሄደች። ከጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ሥር ከዶማና ከአካፋ ጋር ሲወረውሯቸው የአንዱ ጎራዴ ሰገባ ሲሰነጠቅ ሰማች። ያንን ሰገባ በፍየል ቆዳ ያለበሰችው እሷ ናት።

«ሽማግሌውስ?» አላት ወንድይራድ፣ ከኋላዋ መጥቶ።

«ሸጥኩት።»

«ለማን?»

«ለቁራሌው።»

«የትኛው ቁራሌው?»

«‹ቁራሌው› እያለ የሚጮኸው።»

ውጅግራውን ግን አዋጁ የተነገረ ዕለት ማታውኑ በላስቲክና በብርድ ልብስ ጠቅልላ ማገዶው ሥር ቀብራው ነበር። አልሰጥም ያለችው ስለ ራሷ ብቻ አልነበረም። አቶ ጎበና ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸውም ተዘግቶ፣ አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል። አልጋቸው ከውጅግራው ፊት ለፊት ነው። ሲነጋ ያዩታል፣ ሲመሽ ያዩታል፤ አፀደ ስትወለውለው ደኅናው እጃቸው አንሶላው ላይ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ግድግዳው ባዶ ሆኖ ያደረ ዕለት አፋቸውን ዘጉ። አጥሚት ቀረበ፣ መረቅ ቀረበ፣ ማር በውኃ ተበጠበጠ። ጥርሳቸውን ገጥመው ወደ ባዶው ምስማር ያያሉ።

«አባባ፣ አንዲት ብቻ። ለእኔ ስትል» ትላቸዋለች። ማንኪያው ከንፈራቸውን ነክቶ ይመለሳል።

ሰውነታቸው ከቀን ቀን እየቀለለ ሄደ። ስታገላብጣቸው ክብደታቸውን በክንዷ ታውቀዋለችና ፈራች። ጠመንጃው ይገኝብኛል ከሚለው ፍርሃት ይኼኛው በለጠባት፤ ማገዶውን ገልብጣ አወጣችውና ቦታው ሰቀለችው።

በሌላኛው ወገን ያለችው ጎረቤቷ ዘሊካ ትባላለች፤ የባለ ሱቁ የሳልህ ሚስት ናት። በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከች ሽማግሌውን በማስታመም ታግዛታለች። ዘሊካ አንቱታ የምትወድ ሴት ናት። ከእሷ ከፍ ያለውን ሁሉ አንቱ ትላለች፤ የገዛ ባሏንም ሰው ፊት «እሳቸው» ነው የምትለው። አፀደ በዚህ ትቀልድባት ነበር፤ «ድመቴንም አንቱ በያት እንጂ፣ አርጅታለች» እያለች።

ያን ዕለት አፀደ ጓሮ አንሶላ ታጥባለች፤ ዘሊካ ውስጥ አጥሚቱን ይዛ ተቀምጣለች። አቶ ጎበና ምስማሩን ሊያዩ ዓይናቸውን ሲያነሱ ውጅግራውን አዩ። አፋቸው ተከፈተ። ዘሊካ በደስታ አንቱታው ከአፏ ጠፋ።

«አፀደ! አፀደ! ሽማግሌው ጎረሰ!»

«ምን አልሽ?»

«ጎረሰ እኮ ነው የምልሽ!»

«ተመስገን! አንድ ድገሚው!» አለች አፀደ በአረፋ እጇ እየዘለለች። «ቀና አድርገሽ ያዢው፣ እንዳይተፋብሽ!»

በወንድይራድ በኩል ባለው አጥር ሥር አንድ ሰው ሲሮጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

አንሶላው ሳይሰጣ በሩ ተረገጠ። ወንድይራድ መሣሪያ ከያዙ ሁለት ጥበቃዎች ጋር ገባ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ! የጎረሰው የታለ?»

ዘሊካ ማንኪያውን እንደያዘች እጇን ወደ ላይ አነሳች። አጥሚቱ በክንዷ ወረደ።

«የጎረሰው የታለ ነው የምልሽ!»

«እኚሁ ናቸዋ» አለች ዘሊካ። «ሁለቴ ጎረሱ። ምን አጠፉ?»

ሁሉም አልጋው ላይ ያሉትን ሽማግሌ አዩ። ጺማቸው ላይ አጥሚት አለ። አንደኛው ጥበቃ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ጓድ ወንድይራድ፣ ይኼ የጎረሰው ገብስ ነው እኮ። ይህን ለመማረክ ነው ያስሮጥከን?»

ወንድይራድ ፊቱ ጠቆረ። የሠርጉ ሳቅ ተመልሶ መጣበት። ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ይኼስ? ይኼም ገብስ ነው?»

«ባዶ ነው» አለች አፀደ። «ጥይት የለኝም፤ ከፈለግክ ወለሉን ቆፍር። አባቴ እሱን ሲያይ ነው የሚበላው።»

«ሸጥኩት አላልሽም ነበር?»

«ላንተ አልሸጥም ማለቴ ነው።»

ወለሉን ቆፈሩ፣ ፍራሹን ቀደዱ፣ የክር ሣጥኗን ደፉ። ጥይት አልተገኘም። ወንድይራድ ውጅግራውን ከምስማሩ ሲያወርድ ማንገቻው በአልጋው በኩል አለፈና አቶ ጎበና በደኅናው እጃቸው ጨበጡት። ጎተተው። አልለቀቁም። ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቀቀ። ሽማግሌው የጎረሱትን ተፉት።

«ሴትዮዋን እንውሰዳት?» አለ ሳቂው ጥበቃ፣ አሁን ሳይስቅ።

«የትም አትሄድም። ይህን በድን ጥላ የት ትሄዳለች?»

ሲወጡ ዘሊካ ማንኪያውን ገና አልጣለችም።

«ጎረሱ ማለት ምን ነበረበት?» አለች አፀደ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። «ድፍን ሰፈሩን አንቱ ስትይ ትውያለሽ፤ አባቴ ላይ ስትደርሺ አንተ?»

«ደስ ብሎኝ እኮ ነው፣ አፅዬ።»

«ጎረሱ ብትዪ ያ ውሻ ከአጥሩ ሥር አይነሳም ነበር። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃን አንቱ የሚል የለም። ደስታሽ ቤቴን አፈረሰው። ውጪልኝ።»

ዘሊካ በቀዳዳው ሾልካ ሄደች። አፀደ ወዲያው ቆርቆሮ አምጥታ ቀዳዳውን መታችበት። ምስማሮቹ በዘሊካ በኩል ሹል ሹላቸውን አውጥተው ቀሩ፤ አላጠፈቻቸውም።

ወንድይራድ ውጅግራውን ለጥበቃ ታጠቀው። ቀበሌው በር ላይ ሰደፉን መሬት አስደግፎ ሲቆም፣ ያን በተልባ ዘይት ስታጠጣው የኖረችውን እንጨት ድንጋይ ላይ ሲፈጭባት፣ ውኃ ልትቀዳ ቦኖ ስትወርድ ታያለች። ቀበሌው የድሮ ጥይት ፈልጎ ሰጥቶታል አሉ። ይፎክርበታል አሉ። መርፌ እንደሌለው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ያ ምስጢሯ አንድ ምሽት ሳቅ ሆኖ ፈነዳ። ከእንጦጦ የወረደ ጅብ የቀበሌውን በር ሲያልፍ ወንድይራድ አነጣጥሮ ምላጩን ሳበ፤ ቀጭ አለ። ደገመው፤ ቀጭ አለ። ጅቡ ቆሞ አየውና መንገዱን ቀጠለ። ጓደኞቹም፣ «ያንተም ሽማግሌ ጥርስ የለውም» አሉት። ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ይህን ያወራ ነበር።

ወንድይራድ ግን ወደ አፀደ ቤት ሲመጣ አልጮኸም። የአቶ ጎበና አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«መርፌውን የት አደረግሽው?»

«ድሮም አልነበረውም።»

«አፀደ፣ አንቺን አውቅሻለሁ። አንቺ አዝራር ጎድሎ የምታድሪ ሴት አይደለሽም።»

እንዲህ የሚያውቃት እሱ መሆኑ አናደዳት።

«ስሚኝ» አለ። «አባትሽ እየሞተ ነው። መርፌውን አምጪና ጠመንጃው ቀን ቀን እዚህ ምስማር ላይ ይዋል። እኔ ተራዬ ሲመሽ ነው፤ ማታ ማታ መጥቼ እወስደዋለሁ። አባትሽ ይበላል፣ እኔም መሳቂያ አልሆንም። ካላመጣሽ ግን ጠመንጃ አበላሽታ አስረከበች ብዬ ከፍተኛው ድረስ ነው የማስወስድሽ።»

አፀደ አባቷን አየች። ጉንጫቸው ገብቷል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«ለጅብ ብቻ ነው የምትፈልገው?»

ወንድይራድ ሳቀ። «ለጅብማ ዱላም ይበቃል። የጎረቤትሽ ልጅ፣ ያቺ ዘሙሩድ፣ ማምሻውን ወረቀት ይዛ በባሕር ዛፉ ውስጥ ትመላለሳለች። አንድ ቀን ብቻ ‹ቁሚ› ስላት አትቁም።» ተነሳና ሱሪውን አራገፈ። «አንቺ ምን ቸገረሽ? በእናቷ ላይ ቀዳዳውን ዘግተሽባት የለ።»

ከካራ ወተት የምታመጣው ጫልቱ ቀደም ብላ መልእክት ነግራታለች፤ ጉደታ መርፌውን ጨርሷል፣ መጥታ ትውሰድ ብሏል። አፀደ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። በሲግናል በኩል መገናኛ ወረደች፤ አውቶቡስ ይዛ ኮተቤ ደረሰች፤ ከዚያ ወደ ካራ በእግሯ ተያያዘችው። መንገዱን ሁሉ አባቷ አፋቸውን ሲከፍቱ ይታያታል። ምስማሩን ማጥበቅ እንዳለባት አሰበች። የተፈጨውን ሰደፍ በምን እንደምትሞላው አሰበች፤ የወይራ ስንጥር ትቆርጣለች፣ በሙጫ ታጣብቃለች፣ በተልባ ዘይት ታጠጣዋለች።

ከዳገቱ ስትደርስ የጉደታን መዶሻ ሰማች። ጎጆው ታየቻት፤ ጭሱም ታያት። ጉደታ የሠራው እንደሚገጥም አትጠራጠርም። ውጅግራው ከተገዛ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ይህን ነበር፤ አንዳች ሳይጎድለው።

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለዘሙሩድ ዩኒፎርም የምትሰፋላት እሷ ናት። አንደኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ በየዓመቱ ለክታታለች፤ ጠርዙን አውርዳላታለች፤ ክንዷ ስር ጨርቅ ጨምራላታለች። የትከሻዋን ስፋት ያለ ሜትር ታውቀዋለች፤ ከአፀደ አውራ ጣት እስከ ክርኗ ነው። ስትለካት ትስቃለች፤ መኮርኮር አትችልም።

መዶሻው ቆመ። ጉደታ እጁን እየጠረገ በሩ ላይ ወጣና ወደ መንገዱ አየ። አፀደ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተነሳችና የመጣችበትን ዳገት ወረደች።

ማታ ወንድይራድ መጣ።

«የታለ?»

«አልደረሰልኝም።»

«ማን ጋ ነው የሚደርሰው? ስሙን ንገሪኝ፣ እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«ራሴ ነኝ የምሠራው። አልተሳካልኝም።»

በጥፊ መታት። ወስዶ የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ዘጋባት። ከጆንያዎቹ መሃል ተሰንጥቆ የተጣለ የጎራዴ ሰገባዋን አገኘችውና ታቅፋው ተቀመጠች። የጉደታን ስም አልተናገረችም። የቀበሌው ሊቀመንበር ለአንድ ዝገት ብዙ ተጮኸ ብሎ ሲያስፈታት ቤቷ ውስጥ ዘሊካን አገኘቻት። በዋናው በር ዞራ ገብታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ማን አስገባሽ?»

«ብቻቸውን ናቸው ብዬ ነው። አልጎረሱም። ከንፈራቸውን በውኃ አርሼላቸዋለሁ።»

«ሂጂ።»

ዘሊካ በሩ ላይ ዞር አለች። «አፅዬ፣ ፊትሽ አብጧል። ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የመታሽ?»

«ምን አገባሽ? ልጅሽን ማምሻውን ቤት አስቀምጫት። ሂጂ አልኩሽ።»

አቶ ጎበና ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። ዓይናቸው ምስማሩ ላይ ነበር፤ አፀደ ከደነችላቸው። አስከሬናቸው ሲወጣ ዘሊካ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ አለቀሰች፤ አፀደ ቀና ብላ አላየቻትም። ወንድይራድም መጣ፣ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ሳለና ሳይናገር ተመለሰ። ብዙ ሳይቆይ ሚሊሺያ ተብሎ ከዘማቾች ጋር ተጫነ። ውጅግራው የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ከዶማው ጋር ቀረ። ቆርቆሮው አጥሩ ላይ ዛገ፤ የዝገት ነገር የማይሆንላት አፀደ አልነካችውም።

ዘሙሩድ በመስከረም ዩኒፎርሟን ሌላ ሰፊ ዘንድ አሰፋች። አፀደ በበሯ ስታልፍ አየቻት። ትከሻው ላይ ጠቧታል።

ጫልቱ ወተት ማምጣቷን አላቋረጠችም።

«እትዬ አፀደ፣ ጉደታ ‹ያ መርፌ አለ፣ ለምን አይወስዱትም?› ይላል። በዘይት ነክሮ አስቀምጦታል። እኔ ላምጣልዎት?»

«ተይው፣ አንቺ አትንኪው» አለች አፀደ፣ ወተቱን ወደ ድስቷ እየገለበጠች። «አሁንም ሳምንት ትመጣለች በይው።»